የሕዋ ፍርስራሽን ሽክርክሪት ማርገብ

የሕዋ ፍርስራሽን ሽክርክሪት ማርገብ በምድር ምሕዋር ላይ ከቁጥጥር ውጭ የሚሽከረከር ወይም የሚገለባበጥ አካልን በሮቦት ክንድ፣ በመረብ ወይም በሌላ መሣሪያ ከመያዝ በፊት የመዞር ፍጥነቱን የመቀነስ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው አካል አገልግሎቱን የጨረሰ ሳተላይት፣ ነዳጁ ያለቀ የሮኬት ደረጃ ወይም ከእነዚህ የተገነጠለ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ከምድር የሚላክለትን ትእዛዝ ስለማይቀበል ራሱን ማቆም አይችልም፤ ስለዚህ የሚያረግበው ጉልበት ከውጭ መምጣት አለበት።

ሥራውን የሚያከናውነው መንኮራኩር አብዛኛውን ጊዜ አሳዳጅ ይባላል፤ የሚያዘው አካል ደግሞ ዒላማ ይባላል። ዘዴዎቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ ዒላማውን ሳይነኩ የሚሠሩ፣ በመንካት የሚሠሩ እና ሳተላይቱ ከመምጠቁ በፊት የሚገጠሙ። አብዛኞቹ የተጠኑት በኮምፒውተር ስሌትና በቤተ ሙከራ ነው። ይሁን እንጂ የሚዞሩ ሳተላይቶችን በሕዋ ውስጥ የመያዝ ልምድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ።

ዳራ

የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ 1 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ከመጠቀ ወዲህ በምድር ዙሪያ ብዙ ሺህ ሳተላይቶችና የሮኬት ክፍሎች ተከማችተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዶናልድ ኬስለርና በርተን ኩር-ፓሌ ባሳተሙት ጥናት፣ የነገሮች ብዛት ከተወሰነ መጠን ካለፈ አንዱ ግጭት የሚፈጥረው ስብርባሪ ሌላ ግጭት እያስከተለ እንደሚቀጥል አሳዩ። ይህ ሰንሰለት በኋላ የኬስለር ክስተት ተባለ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 እና አገልግሎቱን ያቆመው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ 790 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተጋጩ። ከግጭቱ በራዳር ሊታዩ የሚችሉ 2,000 ገደማ ስብርባሪዎች ወጡ። የናሳ ተመራማሪዎች በኋላ ባቀረቡት ስሌት፣ አዳዲስ ሳተላይቶች አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ከምሕዋር የሚወርዱበት ደንብ በአብዛኛው ከተከበረ፣ በተጨማሪም በየዓመቱ 5 ያህል ትልልቅ ፍርስራሾች ከተነሡ፣ በዝቅተኛ ምሕዋር ያለው የፍርስራሽ ብዛት ሊረጋጋ ይችላል።

ችግሩ እነዚህ ትልልቅ ፍርስራሾች ሁልጊዜ ዝም ብለው የሚጠብቁ አለመሆናቸው ነው። ብዙዎቹ ይዞራሉ። ስለዚህ ማንሣት ከሚለው ጥያቄ በፊት ማርገብ የሚለው ይመጣል።

ፍርስራሽ ለምን ይሽከረከራል

ሽክርክሪት የሚመነጭባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦

• ከመጀመሪያውም የነበረ ዙረት። አንዳንድ ሳተላይቶች አቅጣጫቸውን ለመጠበቅ ሆን ተብለው እንዲሽከረከሩ የተሠሩ ናቸው። ሲሞቱ ዙረቱ አብሯቸው ይቀራል።

• የመለያየት ግፊት። ሳተላይት ከሮኬት ሲለይ የሚገፉት ምንጮች እኩል ካልገፉ የቀረው የሮኬት ደረጃ ይዞራል።

• የሚያመልጥ ጋዝና ፍንዳታ። በታንክ ውስጥ የቀረ ነዳጅ ሲተን ወይም ባትሪ ሲፈነዳ፣ የሚወጣው ጋዝ እንደ ትንሽ ሞተር ይገፋል።

• የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ስህተት። የጃፓኑ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ሂቶሚ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2016 የጠፋው በዚህ ነው። ኮምፒውተሩ መንኮራኩሩ የማይዞር ሆኖ ሳለ እየዞረ ነው ብሎ አሰበ፤ ለማቆም ባደረገው ሙከራም ማዞር ጀመረ። ከዚያ ገፊ ሞተሮቹ በተሳሳተ ቁጥር ታዘዙና ዙረቱን አፋጠኑት፤ በመጨረሻም የሶላር ሰሌዳዎቹን ጨምሮ ክፍሎቹ ተገነጠሉ።

• የፀሐይ ብርሃን ግፊት። ብርሃን ሲያርፍም ሲንጸባረቅም ጥቂት ይገፋል። ሰሌዳዎቹ በአንድ ጎን ብቻ በሆኑ ሳተላይት ላይ ይህ ትንሽ ግፊት ለዓመታት ሲጠራቀም ዙረቱን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል።

• የጥቃቅን ፍርስራሾችና የሕዋ ጠጠሮች ምት።

በተቃራኒው ደግሞ ዙረትን በተፈጥሮ የሚያዘገዩ ነገሮች አሉ፤ ከእነዚህ ዋነኛው የምድር መግነጢስ መስክ በብረት አካል ውስጥ የሚፈጥረው አዙሪት ኮረንቲ ነው። በመሆኑም የአንድ ፍርስራሽ ዙረት ቋሚ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ይለወጣል።

ሁለት ሳተላይቶች የዚህን ልዩነት ያሳያሉ። ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2002 መጥቆ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2012 ግንኙነቱ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሌዘር ሲለካ አንድ ዙር ለመጨረስ 135 ሴኮንድ ገደማ ይወስድበት ነበር፤ ይህም ጊዜ በየቀኑ በ37 ሚሊሴኮንድ ገደማ እየረዘመ ነበር፤ ማለትም ሳተላይቱ እየረገበ ነበር። ውቅያኖስን ያጠና የነበረው ቶፔክስ/ፖሳይደን ግን በ1,340 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን ካቆመ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ግፊት እየፈጠነ ሄዶ በአሥር ዓመት ውስጥ አንዱን ዙር በ11 ሴኮንድ ገደማ ወደሚጨርስበት ደረጃ ደርሷል።

ሽክርክሪት ለምን ያስቸግራል

ኤንቪሳት 8 ቶን ገደማ የሚመዝን ሲሆን ከሶላር ሰሌዳው ጋር ርዝመቱ 26 ሜትር ያህል ነው። በ135 ሴኮንድ አንድ ጊዜ መዞር በሴኮንድ 2.7 ዲግሪ ያህል ነው። ቀስ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ከመዞሪያው 20 ሜትር የሚርቅ ጫፍ ቢኖር በሴኮንድ 0.93 ሜትር ፍጥነት ይጠርጋል። ለመያዝ የቀረበ አሳዳጅ መንኮራኩር በዚህ ፍጥነት በሚመጣ ሰሌዳ ቢመታ ሁለቱም ሊሰበሩና አንድ የነበረው ፍርስራሽ ብዙ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር መያዣው ላይ የሚደርሰው ጫና ነው። የሮቦት ክንድ የሚዞር አካል ሲጨብጥ የዒላማው ዙረት በክንዱ በኩል ወደ አሳዳጁ ይተላለፋል። ዒላማው ከአሳዳጁ ብዙ እጥፍ የከበደ ከሆነ የሚቆመው ዒላማው ሳይሆን የሚዞረው አሳዳጁ ነው። ክንዱ ሊሰበር፣ አሳዳጁም አንቴናውን ወደ ምድር፣ ሰሌዳውን ወደ ፀሐይ ማዞር ሊያቅተው ይችላል።

ሦስተኛው የምስል ጉዳይ ነው። አሳዳጁ የሚመራው በካሜራና በሌዘር መለኪያ ነው። ዒላማው ሲዞር ብርሃንና ጥላ በየሴኮንዱ ይቀያየራሉ፤ አንጸባራቂው መጠቅለያም ካሜራውን ያጥበረብራል። መጨበጫ ሆኖ የተመረጠው ቦታ በእይታ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

መሠረታዊ ፊዚክስ

ጥጥ የምትፈትል ሴት እንዝርቱን አንዴ ካሾረችው በኋላ እጇን ብታነሣም ይሾራል፤ የሚያቆመው የአየሩና የክሩ ተቃውሞ ነው። በሕዋ ውስጥ አየር የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አንዴ የጀመረ ዙረት ይቀጥላል። የዚህ ዙረት መጠን ማዕዘናዊ እንድርድሪት ይባላል፤ የሚሰላውም እንደሚከተለው ነው፦

ማዕዘናዊ እንድርድሪት = ኢነርሺያ × የመዞር ፍጥነት

ኢነርሺያ እዚህ ላይ አካሉ ዙረቱን ለመቀየር ያለው እንቢተኝነት ነው። በክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከመዞሪያው ምን ያህል እንደራቀም ይወሰናል። ማዕዘናዊ እንድርድሪትን የሚቀንሰው ከውጭ የሚመጣ ጠምዛዥ ጉልበት ብቻ ነው፦

የሚያስፈልገው ጊዜ = ማዕዘናዊ እንድርድሪት ÷ ጠምዛዥ ጉልበት

ለምሳሌ ኢነርሺያው 10,000 ኪሎግራም ሜትር ካሬ የሆነ አካል በሴኮንድ 5 ዲግሪ ቢዞር፣ ከመዞሪያው 2 ሜትር ርቆ የሚያርፍ 0.01 ኒውተን ጉልበት ሳያቋርጥ ቢገፋው ለማቆም 12 ሰዓት ያህል ይወስዳል። 0.01 ኒውተን አንድ ግራም የሚመዝን ነገር በእጅ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ክብደት ያህል ነው። ስሌቱ የሚያሳየው ዋና ነገር፣ ጊዜ ካለ እጅግ ትንሽ ጉልበትም ይበቃል የሚለውን ነው። አብዛኞቹ ሳይነኩ የሚሠሩ ዘዴዎች የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

በተግባር ግን ዙረቱ ሁልጊዜ በአንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ዙሪያ አይደለም። አንድ አካል ሦስት ዋና ዘንጎች አሉት፤ በትልቁና በትንሹ ኢነርሺያ ዘንጎች ዙሪያ የሚደረግ ዙረት የተረጋጋ ሲሆን በመካከለኛው ዙሪያ የሚደረገው ግን በየጊዜው ይገለበጣል። ይህ ጠባይ በሶቪየት ጠፈርተኛው ቭላዲሚር ጃኒቤኮቭ ስም የጃኒቤኮቭ ክስተት ተብሎ ይጠራል። በአካሉ ውስጥ የሚናጥ ነዳጅ ወይም የሚታጠፍ አንቴና ካለ ደግሞ የዙረቱ አቅም ቀስ በቀስ ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ በመጨረሻም አካሉ በትልቁ ኢነርሺያ ዘንግ ዙሪያ ይዞራል። የአሜሪካ የመጀመሪያ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 እ.ኤ.አ. በ1958 በረጅሙ ዘንጉ ዙሪያ እንዲሽከረከር ታስቦ ቢላክም፣ ተጣጣፊ አንቴናዎቹ አቅሙን ስላባከኑት ብዙም ሳይቆይ ጫፍና ጫፉን እያቀያየረ መገለባበጥ ጀመረ። ረጅም ሲሊንደር የሆኑ ባዶ የሮኬት ደረጃዎችም በዚሁ ምክንያት ወደ መገለባበጥ ያዘነብላሉ።

ሽክርክሪቱን መለካት

ማርገብ ከመጀመሩ በፊት ዒላማው በየትኛው ዘንግ፣ በምን ፍጥነት እንደሚዞር መታወቅ አለበት። ከምድር ሦስት ዋና መንገዶች አሉ።

• የብርሃን መለዋወጥ። ፍርስራሹ ሲዞር ወደ ምድር የሚያንጸባርቀው ብርሃን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በቴሌስኮፕ የተመዘገበው ለውጥ ተመልሶ የሚደገምበት ጊዜ የዙረቱን ጊዜ ይጠቁማል።

• የሌዘር ርቀት መለኪያ። እንደ ኤንቪሳት ያሉ ሳተላይቶች የሌዘር መስተዋት አላቸው። በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ያለውን ጨምሮ የተለያዩ ጣቢያዎች የብርሃኑን መመለሻ ጊዜ በመለካት የመስተዋቱን ወደፊትና ወደኋላ መወዛወዝ ያገኛሉ።

• የራዳር ምስል። በጀርመን ዋክትበርግ የሚገኘው ቲራ ራዳር ኤንቪሳትን ጨምሮ የተለያዩ ሳተላይቶችን ቅርጽና አቀማመጥ በምስል አሳይቷል።

የመጨረሻው መለኪያ ግን የሚገኘው በቅርበት ነው። አሳዳጁ በደህና ርቀት ላይ ሆኖ ዒላማውን ይቃኛል፤ ኮምፒውተሩም ከተከታታይ ምስሎች የዙረቱን ዘንግ፣ ፍጥነትና የኢነርሺያውን ጥምርታ ይገምታል። ይህ ግምት ከተሳሳተ ቀጣዩ እርምጃ ሁሉ ይሳሳታል።

ሳይነኩ የሚሠሩ ዘዴዎች

አዙሪት ኮረንቲ

ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት በመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በውስጡ ክብ እየሠራ የሚፈስ ኮረንቲ ይፈጠራል። ይህ ኮረንቲ የራሱን መግነጢስ ፈጥሮ የወለደውን እንቅስቃሴ ይቃወማል፤ የዙረቱም አቅም በብረቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይቀየራል። በአንዳንድ ባቡሮች ያለው የመግነጢስ ፍሬን የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

አሳዳጁ ጠንካራ የመግነጢስ ጥቅል ይዞ ወደ ዒላማው ጥቂት ሜትሮች ድረስ ሲጠጋ፣ አልሙኒየም የሆኑት የሮኬት ታንኮች በመስኩ ውስጥ እየዞሩ ራሳቸውን ያረግባሉ። የሚያዘገየው ጉልበት ከዙረቱ ፍጥነት ጋር ስለሚመጣጠን ፍጥነቱ የሚቀንሰው መጀመሪያ ቶሎ፣ በኋላ ቀስ እያለ ነው። ለምሳሌ የመርገቢያ ጊዜው 5 ቀን ቢሆን፣ ከ5 ቀን በኋላ ከመጀመሪያው ፍጥነት 37 በመቶ፣ ከ10 ቀን በኋላ 14 በመቶ ገደማ፣ ከ15 ቀን በኋላ ደግሞ 5 በመቶ ይቀራል።

ዘዴው ነዳጅ በዒላማው ላይ አይረጭም፣ ስብርባሪም አይፈጥርም። ድክመቱ ርቀት ነው። የመግነጢሱ መስክ በርቀት ኩብ ስለሚደክም፣ ጠምዛዥ ጉልበቱም በመስኩ ካሬ ስለሚወሰን፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ 64 ጊዜ ያንሳል። ከመስኩ አቅጣጫ ጋር ትይዩ በሆነ ዘንግ ዙሪያ ያለው ዙረት አይረግብም፤ ስለዚህ አሳዳጁ ቦታውን መቀያየር አለበት። ከካርቦን ክር የተሠሩ አካላት ደግሞ ኮረንቲን በደንብ ስለማያስተላልፉ ለዚህ ዘዴ አይመቹም።

የገፊ ሞተር ጭስና የአዮን ጨረር

አሳዳጁ የሞተሩን ጭስ ወደ ዒላማው አንድ ጎን በመርጨት ዙረቱን በሚቃወም አቅጣጫ መግፋት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በማድሪድ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ክላውዲዮ ቦምባርዴሊና ሄሱስ ፔላዬስ ያቀረቡት የአዮን ጨረር እረኛ ሐሳብ ፍርስራሽን ሳይነኩ በአዮን ጨረር ከምሕዋር የመግፋት ነበር። ይኸው ጨረር ከዒላማው መሐል ወጣ ባለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ለማርገብም ያገለግላል።

ጨረሩ ዒላማውን ሲገፋ አሳዳጁን ወደኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ በተቃራኒው በኩል ሁለተኛ ሞተር አብሮ መሥራት አለበት፤ ነዳጁም በእጥፍ ያልቃል። የተራ ኬሚካል ሞተር ጭስ ደግሞ በፍጥነት ስለሚበተን ከቅርብ ካልሆነ አብዛኛው ዒላማውን ያልፈዋል፤ በአሳዳጁ ካሜራ ላይም ሊለጠፍ ይችላል።

ሌዘር

ኃይለኛ የሌዘር ምት የዒላማውን ገጽ ጥቂት ሲያተን፣ የሚወጣው ትነት አካሉን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ምቱ ወደ እኛ በሚመጣው ጎን ላይ ብቻ እንዲያርፍ በጊዜ ከተለካ ዙረቱ ይቀንሳል። ሌዘር ከሩቅ ይሠራል፤ የግጭት አደጋውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፣ ታንክ ወይም ባትሪ ከመታ ሊያፈነዳ ይችላል፣ የሌላ አገር ሳተላይትን ለማጥፋትም ሊውል ስለሚችል የፖለቲካ ጥርጣሬ ያስነሣል።

የኤሌክትሮስታቲክ ጉልበት

በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ሃንስፔተር ሻውብና ባልደረቦቹ ያጠኑት ዘዴ ነው። አሳዳጁ ወደ ዒላማው የኤሌክትሮን ጨረር ይልካል፤ ዒላማው ኔጋቲቭ፣ አሳዳጁ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ፤ ይሳሳባሉም። ዒላማው ክብ ካልሆነ የሚስበው ጉልበት ከመሐሉ ስለሚወጣ ይጠመዝዘዋል፤ ቻርጁን በዙረቱ ልክ በመጨመርና በመቀነስም ማርገብ ይቻላል። ዘዴው የሚሠራው 36,000 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የቴሌቪዥንና የመገናኛ ሳተላይቶች ምሕዋር ነው። በዝቅተኛ ምሕዋር ያለው ጥቅጥቅ ያለ ፕላዝማ ቻርጁን በሴንቲሜትሮች ርቀት ውስጥ ይሸፍነዋል።

በመንካት የሚሠሩ ዘዴዎች

ብሩሽና ተደጋጋሚ ንክኪ

የጃፓን ተመራማሪዎች በሮቦት ክንድ ጫፍ ላይ ለስላሳ ብሩሽ በመግጠም የሚዞረውን አካል ደጋግሞ የመንካት ዘዴ አጥንተዋል። እያንዳንዱ ንክኪ በሰበቃ ከዙረቱ ጥቂት ይወስዳል። ብሩሹ ስለሚታጠፍ ምቱ አይከብድም። ሆኖም እያንዳንዱ ንክኪ ዒላማውን ጥቂት ይገፋዋል፣ ዘንጉንም ሊያዛንፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከየንክኪው በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

የሮቦት ክንድ

አሳዳጁ በዒላማው የዙረት ዘንግ በኩል ቀርቦ ራሱም በዚያው ፍጥነት ይዞራል። በዚያን ጊዜ ከአሳዳጁ ሲታይ ዒላማው የቆመ ይመስላል። ክንዱ ዒላማውን ይጨብጣል፤ ከዚያ የክንዱ መገጣጠሚያዎች ቀስ እያሉ ፍሬን ይይዛሉ፣ የአሳዳጁም ሞተሮች የተረፈውን ዙረት ያጠፋሉ። የሚመረጡት መጨበጫዎች ጠንካራ ክፍሎች ናቸው፦ ሳተላይቱ ከሮኬቱ ጋር የተያያዘበት ቀለበት ወይም የሞተሩ አፍ። ዒላማው በአንድ ዘንግ ብቻ ሳይሆን እየተገለባበጠ ከሆነ ግን ከእንቅስቃሴው ጋር አብሮ መሄድ እጅግ ይከብዳል።

መረብና ገመድ

መረብ ከሩቅ ስለሚወረወር መጨበጫ ቦታ መምረጥ አያስፈልገውም፤ የሚዞር አካልም ቢሆን ራሱን ይጠቀልልበታል። ከዚያ በኋላ ገመዱን በመወጠርና በማላላት ዙረቱን ማርገብ ይቻላል። አደጋው ገመዱ በዒላማው ላይ እየተጠቀለለ አሳዳጁን ወደ ራሱ መሳቡ፣ ወይም በስለታም ጠርዝ መቆረጡ ነው።

የሚለጠፉ መሣሪያዎች

አሳዳጁ ትንንሽ ገፊ ሞተሮች ያሏቸውን ሣጥኖች በዒላማው ላይ ለጥፎ መራቅ ይችላል። ሌላው ሐሳብ ረጅም ገመድ ላይ የታሰሩ ክብደቶችን መልቀቅ ነው፤ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ሲዘረጉ ማዕዘናዊ እንድርድሪቱን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ሁለተኛው በሥራ ላይ የዋለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቀችው ዶውን መንኮራኩር እያንዳንዳቸው 1.44 ኪሎግራም የሆኑ ሁለት ክብደቶችን በ12 ሜትር ገመድ በመልቀቅ ሽክርክሪቷን አርግባለች። ልዩነቱ ዶውን ላይ መሣሪያው አስቀድሞ የተገጠመ መሆኑ ነው።

አስቀድሞ የሚገጠሙ መሣሪያዎች

ለወደፊቱ ፍርስራሽ ርካሹ መንገድ ሳተላይቱ ከሞተ በኋላም ራሱን እንዲያረግብ አድርጎ መሥራት ነው። ኤርባስ የሠራው 100 ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ በውስጡ በነፃ የሚዞር የመግነጢስ ጎማ አለው። ሳተላይቱ መገለባበጥ ሲጀምር ጎማው እንደ ኮምፓስ መርፌ ወደ ምድር መግነጢስ መስክ አቅጣጫ ይቆማል፤ በዙሪያው ባለው ብረት ውስጥ የሚፈጠረው አዙሪት ኮረንቲም እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ባትሪም ትእዛዝም አይፈልግም። መሣሪያው ለሙከራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጥቋል። ሌሎች ኩባንያዎች ደግሞ በመግነጢስ የሚያዝ ሳህን በሳተላይቶች ላይ ይገጥማሉ፤ ሳህኑ ላይ ያሉት ምልክቶች የአሳዳጁ ካሜራ የዙረቱን ሁኔታ እንዲያውቅ ይረዳሉ።

ዘዴዎቹ ሲነጻጸሩ

• አዙሪት ኮረንቲ፦ ለብረት አካል፤ በጥቂት ሜትር ርቀት፤ አደጋው ትንሽ፤ ጊዜው ረጅም።
• የአዮን ጨረር፦ ለማንኛውም አካል፤ ርቀቱ የሚመች፤ ሁለት ሞተርና ብዙ ነዳጅ።
• ሌዘር፦ ከሩቅ፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል፤ የመሣሪያ ስጋት።
• ኤሌክትሮስታቲክ፦ በከፍተኛ ምሕዋር ብቻ፤ ጉልበቱ እጅግ ትንሽ።
• ብሩሽ፦ ቀላል መሣሪያ፤ የዒላማው መገፋት ያስቸግራል።
• የሮቦት ክንድ፦ ለዝግተኛ ዙረት፤ ከፍተኛ ትክክለኛነት ይፈልጋል፤ ከተያዘ በኋላ መቆጣጠሩ ቀላል ነው።
• መረብ፦ ለፈጣን ዙረትም ይሆናል፤ አንዴ ከተወረወረ መልሶ መሞከር ይከብዳል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ዕቅዶች ሁለት ዘዴዎችን ያጣምራሉ፦ መጀመሪያ ሳይነኩ ማርገብ፣ ከዚያ በክንድ መያዝና የቀረውን ማቆም።

የተግባር ታሪክ

ሶላር ማክስ፣ እ.ኤ.አ. 1984። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያው የተበላሸውን ይህን የፀሐይ ምርምር ሳተላይት ለመጠገን ቻሌንጀር በኤፕሪል ወር ተላከች። ጠፈርተኛው ጆርጅ ኔልሰን በጀርባው ባዘለው መብረሪያ ቀርቦ መያዣውን ለማገናኘት ቢሞክርም አልገጠመም። የሶላር ሰሌዳውን በእጁ ይዞ ለማቆም ሲሞክር ሳተላይቱ ጭራሽ ተገለባበጠ፤ ሰሌዳዎቹ ከፀሐይ ዞር በማለታቸውም ባትሪው ሊያልቅ ተቃረበ። በጎዳርድ ማዕከል የነበሩ ተቆጣጣሪዎች በሳተላይቱ ውስጥ ያሉትን የመግነጢስ ዘንጎች ከምድር መስክ ጋር በማሠራት አረገቡት፤ በኋላም የመንኮራኩሯ ክንድ ያዘው። ትምህርቱ ግልጽ ነበር፦ ለማቆም የታሰበ ንክኪ ሽክርክሪትን ሊያባብስ ይችላል።

ፓላፓ ቢ2 እና ዌስታር 6፣ እ.ኤ.አ. 1984። በኖቬምበር ወር ከዲስከቨሪ የወጡት ጆ አለንና ዴል ጋርድነር፣ ከምድር በትእዛዝ ዙረታቸው የተቀነሰላቸውን ሁለት ሳተላይቶች ያዙ። ረጅም ዘንግ በሳተላይቱ ሞተር አፍ ውስጥ አስገብተው ቆለፉ፤ የመብረሪያቸው ሞተሮችም የቀረውን ዙረት አቆሙ። ሁለቱም ሳተላይቶች ወደ ምድር ተመለሱ።

ኢንተልሳት 603፣ እ.ኤ.አ. 1992። በሜይ ወር ኢንደቨር 4 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ይህን ሳተላይት ለመያዝ ሄደች። የተዘጋጀው የመያዣ ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲሞከር አልቆለፈም፤ ሳተላይቱንም እያወዛወዘ አራቀው። ተቆጣጣሪዎች ከምድር ካረጋጉት በኋላ ሦስት ጠፈርተኞች በአንድ ጊዜ ወጥተው በእጃቸው ያዙት።

በእነዚህ ሦስት ታሪኮች ውስጥ ዒላማው ሕያው ነበር፤ ከምድር ይታዘዝ ነበር። የሞተ ፍርስራሽ ይህ ዕድል የለውም።

ሪሙቭዴብሪስ፣ እ.ኤ.አ. 2018–2019። በሰሪ ዩኒቨርሲቲ የተመራው ይህ ሙከራ በሴፕቴምበር 2018 ራሱ የለቀቀውን ትንሽ ሳተላይት በመረብ ያዘ፤ በፌብሩዋሪ 2019 ደግሞ ጦር ወርውሮ በ1.5 ሜትር ዘንግ ላይ የተያዘ ሰሌዳ ወጋ።

ኤልሳ-ዲ፣ እ.ኤ.አ. 2021። የጃፓኑ አስትሮስኬል 175 ኪሎግራም ገደማ የሆነ አሳዳጅና 17 ኪሎግራም ገደማ የሆነ ዒላማ አብሮ ላከ። በኦገስት ወር ዒላማውን ለቆ በመግነጢስ መልሶ ያዘው። የሚገለባበጥ ዒላማ መያዝም በዕቅዱ ውስጥ ነበር፤ አንዳንድ ገፊ ሞተሮች ስለተበላሹ ግን አልተከናወነም።

አድራስ-ጄ፣ እ.ኤ.አ. 2024። ይኸው ኩባንያ ለጃክሳ ባከናወነው ተልእኮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሕዋ የሄደና 3 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ 11 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጃፓን የሮኬት ደረጃ አጠገብ ቀርቦ ዙሪያውን ፎቶግራፍ አነሣ፤ እስከ 15 ሜትር ገደማም ተጠጋ። ዓላማው መያዝ ሳይሆን የፍርስራሹን ሁኔታና እንቅስቃሴ ማጥናት ነበር፤ መያዙ ለቀጣዩ ተልእኮ የተተወ ነው።

ክሊርስፔስ-1። የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ውል የገባበት ዕቅድ ነው። መጀመሪያ የተመረጠው ዒላማ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቬጋ ሮኬት የቀረ 112 ኪሎግራም የሚመዝን ቁራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ዒላማ አጠገብ አዳዲስ ስብርባሪዎች ታዩ፤ ፍርስራሹ ራሱ በሌላ ፍርስራሽ ተመትቶ ነበር። በኋላም ፕሮባ-1 የተባለው ሳተላይት ዒላማ ሆኖ ተተካ።

ያልተፈቱ ጉዳዮች

የመጀመሪያው የሙከራ ችግር ነው። በምድር ላይ ክብደት አልባነትን ለረጅም ጊዜ መፍጠር አይቻልም። ቤተ ሙከራዎች በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፉ ሞዴሎችን ወይም ሁለት የሮቦት ክንዶችን ይጠቀማሉ፤ የመጀመሪያው እንቅስቃሴውን በጠፍጣፋ ወለል ላይ ይገድበዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ በኮምፒውተር ሞዴሉ ትክክለኛነት ይወሰናል።

ሁለተኛው የውሳኔ ፍጥነት ነው። የሚዞር አካል አጠገብ ያለ አሳዳጅ ከምድር መልስ እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልም፤ በዝቅተኛ ምሕዋር ደግሞ አንድ የምድር ጣቢያ መንኮራኩሩን በአንድ ማለፊያ የሚያየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ስለዚህ መቅረብን፣ መያዝን ወይም መሸሽን የሚወስነው በመንኮራኩሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው።

ሦስተኛው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው የሕዋ ውል መሠረት ወደ ሕዋ የተላከ አካል ቢሞትም በመዘገበው አገር ሥልጣን ሥር ይቆያል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መንካት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የኃላፊነት ስምምነት ደግሞ በሕዋ ውስጥ ለደረሰ ጉዳት ጥፋተኛው አገር እንዲጠየቅ ያደርጋል። አንድ አሳዳጅ ሊያረግብ ሲል ዒላማውን ቢሰብረውና ስብርባሪው የሦስተኛ ወገን ሳተላይት ቢመታ፣ የጥፋቱን ድርሻ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። አሁን ያሉት ተልእኮዎች አገሮች የራሳቸውን ፍርስራሽ እንዲመርጡ የሚያደርጋቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ደግሞ ይዩ

• የሕዋ ፍርስራሽ
• የኬስለር ክስተት
• ሳተላይት
• ምሕዋር
• ማዕዘናዊ እንድርድሪት
• መግነጢስ መስክ